ጨረቃ ሳትወጣ፦ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ

በጥር ወር በአንድ ዓርብ ከፍኖተ ሰላም የተነሣሁት የኔታን ጋላክሲ ላሳያቸው ነው። የኔታ፣ ጢሜ ከሸበተ በኋላ ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህር ናቸው። ግራ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ቀኙም እየተከተለ ነው። ከመጽሐፍ ሳነብላቸው ነው ምኞቱ ያደረባቸው፦ በደቡብ ሰማይ ያለች የከዋክብት መንጋ፣ መካከሏ እንደ ቀንበር የተጋደመ ብርሃን፣ ከቀንበሩ ጫፍና ጫፍ የተጠማዘዘ ክንድ። «ይቺ ዓይኔ ሳትዘጋ ባየኋት» አሉ። ቡሬ ቴሌስኮፕ መጣ ሲባል ሰማሁ።

ማንኩሳ ላይ የሚኒባሱ ረዳት ለሁለት ሰው ወንበር አራተኛ ሰው አመጣ።

«አባቴ፣ ጠጋ ይበሉልኝ።»

«ራስህ ላይ ጫነዋ!» አልሁት። የኔታ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

ቡሬ፣ ምሽት

ሽሮ በልተን ሜዳው ላይ ደረስን። ቴሌስኮፑን የያዘው የትምህርት ቤት መምህር «አባቶች፣ ቶሎ እንበል፤ ጨረቃ ከወጣች ጋላክሲዋ አትታይም» አለ። ማን ሰምቶት! የክብር እንግዳው ሳይመጡ አይጀመርም ተባለ። መጡ። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መስኖ፣ ስለ ትራንስፎርሜሽን አወሩ። ምን አገናኘው?

ንግግሩ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ። እንግዳው «አባቶች ይቅደሙ» አሉ።

«ኧረ በማርያም! እንግዳ እያለ?»

«እርስዎ ይቅደሙ እንጂ!»

«አይሆንም፣ በሞቴ!»

የኔታም ወደ ኋላ እያፈገፈጉ «ይለፉ፣ ይለፉ» ይላሉ። በምሥራቅ ያለው ጋራ ነጣ። ደሜ ፈላ። የኔታን ብብታቸው ሥር ይዤ ሁሉንም ጥሼ ወሰድኋቸው።

«አንተ ባለጌ! የክብር እንግዳው አላዩም!» አለ አንዱ።

«እሳቸው ሁለት ዓይን አላቸው! የኔታ የቀረቻቸው አንዲት ናት!»

የኔታ ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ጨረቃዋ ወጣች፤ መምህሩም «በቃ» አለ። እኔም፣ እንግዳውም፣ ያ ሁሉ «ይቅደሙ» ባይም ሳናይ ቀረን።

መመለሻ

በማግሥቱ ሚኒባሱ ማንኩሳ ሲደርስ የኔታ ከመስኮቱ ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«አሳፈርኸኝ። በሰው ፊት እንደ በግ ጎተትኸኝ።»

«ባልጎትትዎት ያዩ ነበር?»

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ስንወርድ በመቋሚያቸው ጫፍ አቧራው ላይ አንዲት ስስ መስመር አሰመሩ።

«ክንዷ አልታየኝም። ቀንበሯን ግን አየሁ። እንደ ትንፋሽ ናት።»

ባጃጅ መጣና መስመሯን ደፍጥጦ አለፈ። ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ይህን ነው፦ ጨረቃ ይሉኝታ አታውቅም። የኔታ እስካሁን ቂም ይዘውብኛል። ይያዙ። ነገም ቢሆን እጎትታቸዋለሁ።