ከድቤው የቀደመ ልብ

ሐኪሙ እንዳዘዘኝ የእጄን ትርታ እየቆጠርኩ ሳለ ከጎረቤት ድቤ ተመታ። ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ ሐሳቤም አባባ ደረት ላይ ተኝቼ መንዙማ ወደሰማሁበት ቀን ሮጠ።

ሰው ሁሉ አብሮ ያጨበጭባል። ከጆሮዬ ሥር ግን የአባባ ልብ ሁለቴ መታ፣ ቆመ፣ ከዚያ እንደ ደነበረ ጥጃ ፈረጠጠ። ጫት ለልቡ እንደማይሆን ሐኪም ነግሮታል፤ ጉንጩ ግን ሙሉ ነው።

«አባባ፣ ልብህ ድቤውን ይስታል።»

«ጨሊሲ» አለኝ በኦሮምኛ፤ «ዝም በይ ልጄ። እሱ የራሱን መንዙማ ነው የሚለው። ለእናትሽ እንዳትነግሪ።»

አልነገርኩም። በዚያው ክረምት ሞተ።

አሁን ትንሿ ልጄ አጠገቤ መጥታ እጄን ያዘችና ጣቷን እንደኔ ትርታዬ ላይ አሳረፈች።

«እማ፣ ዘለለ። ለአባዬ ልንገረው?»

«ሩጪ፣ ንገሪው» አልኳት።