ለአባባ ያመጣነው ቡችላ

እናታችን ከሞተች በኋላ አባባ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ቀሩ። ጎረቤታቸው ወደ ኮምቦልቻ ሲዛወሩ ያረጀች የሐበሻ ውሻቸውን ሊተዉላቸው ፈልገው ነበር፤ አባባም ወደዋት ነበር።

«እሷ እንደኔው ናት፤ በር ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ታያለች» አሉን።

ወንድሜ ግን «አሮጊት ውሻ ምን ትጠብቅልዎታለች?» ብሎ የጀርመን ሸፐርድ ቡችላ አመጣ። እኔም ቡችላው ዓይኔን ስለማረከው ዝም አልሁ። ጎረቤታቸው ውሻቸውን ይዘው ሄዱ።

ቡችላው በጥቂት ወራት ጥጃ አከለ። አባባ ለሶላት ተጣጥበው፣ ውዱእ አድርገው ወደ መስጊድ ሊወጡ ሲሉ እየዘለለ ይልሳቸዋል፤ የውሻ ምራቅ ነክቷቸው መስገድ ስለማይችሉ ተመልሰው ይታጠባሉ፣ ልብስ ይቀይራሉ። አንድ ቀን ግን ደረጃው ላይ ገፍቶ ጣላቸውና ወገባቸው ተጎዳ። ሮጠን ስንደርስ ወንድሜ ውሻውን ሊመታ ዱላ አነሳ።

«ተው! ወላሂ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ልጅ ነው፤ መሮጫ ይፈልጋል» አሉት ከተኙበት።

ኮምቦልቻ ሰፊ ግቢ ያለው መጋዘን ላለው ዘመዳችን ሰጠነው። ያደረስሁት እኔ ነበርሁ። ገና ሲለቁት ከአጥር አጥር በደስታ በረረ። ከዚያው ወደ ቀድሞ ጎረቤታችን ሄጄ አሮጊቷን ውሻ ለአባባ እንዲሰጡኝ ለመንኋቸው።

«አየ ልጄ፣ የዚህ አገር ሙቀት አልተስማማትም፤ ሞተች እኮ» አሉኝ።

ደሴ ተመልሼ ለአባባ ነገርኋቸው።

«ሌላ ረጋ ያለች ላፈላልግልዎት?» አልኋቸው።

«ይቅር ልጄ። ብቻዬን መቀመጡን ለምጄዋለሁ» አሉኝ።