ለፒካኑ ያመጣሁለት በረዶ

ሰመራ ውስጥ እኔ ቀልጄ ያልሳቀ ሰው ካለ ጥርሱን አሞት ነው። ትናንት ግን አንድ ሾፌር ከጅቡቲ ያመጣውን ፒካን፣ እንደ ለውዝ የሚበላ የዛፍ ፍሬ፣ አቀመሰኝና ቀልዱን ትቼ አባቴን አስታወስኩ።

ልጅ ሆኜ አዋሽ ግቢያችን ውስጥ አባቴ የተከለው ፒካን ነበር። ሙቀቱ ተስማምቶት፣ ውሃውን ጠጥቶ ከቤታችን በላይ ረዘመ፤ ፍሬ ግን የለውም። አባቴን ወባ በጣለው ቁጥር እናቴ፣ "ተው አንተ ሰውዬ፣ ወሎ እንመለስ፤ ደጋው ይሻልሃል" ትለዋለች።

"ፍሬውን ሳላይማ አልሄድም። በዓመት ጥቂት ወር ብርድ ካላገኘ አያፈራም አሉኝ።"

ብልጡ እኔ ከለስላሳ ቤት በረዶ ለምኜ ሥሩ ላይ ደረደርኩ። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ።

"ምን እያረግክ ነው?"

"ቶሎ አፍርቶ እንድንሄድ ነዋ፣ አባባ።"

ሳቀ። ከዛ እርጥቡን አፈር በእጁ ዳበሰና፣ "እሱም እንደኔው ነው፤ የሚያሽለው እዚህ የለም" አለ። ያኔ አልገባኝም።

በዛው ዓመት እዛው አዋሽ ቀበርነው፤ አላህ ይርሀመው። ዛፉ ዛሬም ጥላ እንጂ ፍሬ የለውም።

ሾፌሩ፣ "ጣሙ እንዴት ነው?" አለኝ።

"ይጣፍጣል" አልኩት። "አባቴ ግን አልቀመሰውም።"