የቱ ጋ ተነቀለ?

ቁም ሣጥኔን ከፈትሁና የብል መድኃኒቱ ሽታ ሲመታኝ ደሜ ፈላ። በሱዳን አብዮት ወራት፣ ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ካርቱም ውስጥ የምታጸዳው የደረቁ ዕፀዋት ማኖሪያ ክፍል እንዲህ ይሸት ነበር። የክፍሉ ኃላፊ፣ እንደ አክስት «ኻልቲ» የምላቸው ሰልማ፣ የዱር ሣር ወረቀት ላይ ያስለጥፉኝ ነበር።

«ይኼ የት ተነቀለ?» አሉኝ አንድ ቀን።

«አባይ ዳር።»

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አባይ ረጅም ነው! ቦታው ካልታወቀ የዕፀዋቱ ካርታ ላይ አይገባም፤ ለፍየል ስጪው።»

በዚያ ሳምንት ወንድሜ ሰልፍ ወጥቶ ተገደለ። ሆስፒታል ሬሳውን ያስረከበንን ሰውዬ የት እንደወደቀ ጠየቅሁት።

«መንገድ ላይ።»

«የቱ መንገድ?»

«ኻላስ፣ በቃ! ምን ያደርግልሻል?»

ኻልቲ ሰልማ ለአንዲት ሰበዝ ሣር እንኳ እንዲህ ያለ መልስ አይቀበሉም ነበር።

ቁም ሣጥኑን አላትሜ ዘጋሁት። የቱ መንገድ?