መብረቅ የወደቀበት ሪጎሬ

ጉሉማ ባቻ በነቀምቴ ገበያ አፋፍ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። እሑድ ከጸሎት ሲመለስ ግን መቀሱን አስቀምጦ የከተማው ክለብ በረኛ ይሆናል። ክንደ ረጅም ስለነበር፣ «ጉሉማ ከቆመ የጎሉ ግማሽ ተዘግቷል» ይሉለታል።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ግንቦት የወለጋ ክለቦች ማጣሪያ ሲደረግ ለመጨረሻው ግጥሚያ ነቀምቴና ጊምቢ ደረሱ። ያሸነፈው ጠቅላይ ግዛቱን ወክሎ አዲስ አበባ ይሄዳል። ለእንግዶቹ ማደሪያ ስላልበቃ የጊምቢ ተጫዋቾች በነቀምቴዎቹ ቤት ተደለደሉ። ለጉሉማ የደረሰው ዋቅወያ የሚሉት ሳቂታ አጥቂ ነበር።

«ቤቴ አድረህ ባሌ ላይ ብታገባ እንጃልህ!» አለችው የጉሉማ ሚስት ድርቤ፣ ራት እያቀረበች።

«አዴ ድርቤ፣ እኔ እመታለሁ፤ መግባቱን እሷ ኳሷ ታውቃለች» ብሎ አሳቃቸው።

በማግስቱ ጨዋታው አንድ ለአንድ ሆኖ ሊያልቅ ሲል ሰማዩ ጠቆረ። አንድ የነቀምቴ ተከላካይ ዋቅወያን ጎሉ አፍ ላይ ጠልፎ ጣለው። ዳኛው መምህር እሸቱ ፊሽካ ነፍተው ሪጎሬ ሰጡ። ሕዝቡ ተንጫጫ፤ ዝናቡ ማንጠባጠብ ጀመረ። ዋቅወያ ኳሷን አደላድሎ ተንደረደረ።

ያን ጊዜ ሜዳው እንዳለ ነጭ ሆነ።

ጉሉማ ድምፁን እንኳ አልሰማም። ሲነቃ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ክንዶቹ የሱ አልመስል ብለውታል። ተመልካቹ ሁሉ መሬት ላይ ተደፍቷል። ዋቅወያ በግንባሩ ወድቋል፤ አንደኛው ጫማው ከእግሩ ወልቆ ለብቻው ይጨሳል። ጉሉማ ዞር ሲል ኳሷ ከሁለቱ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች መሐል በስተኋላው ሣሩ ላይ ቆማለች። መረብ የሚባል ነገር አልነበረም፤ መቼ እንዳለፈችው አላየም።

እየዳኸ ወደ እንግዳው ሄደ።

«ያ ዋቅ፣ አምላኬ! መብረቅ የመታውን አትንካ!» አለ አንዱ ከዳር።

«ቤቴ ያደረ ሰው ነው!» ብሎ ጉሉማ ገለበጠው፤ ከአፉ ጭቃውን ጠረገለት። ትንፋሹ አለች፣ ግን እንደ ክር ቀጥናለች። ሰዎች ደፈር ብለው በቃሬዛ አነሡትና ወደ ሆስፒታል ሮጡ።

ጉሉማ ሊከተል ሲል የነቀምቴ ክለብ ሹም ግራዝማች አዱኛ ክንዱን ያዙት። ከኋላቸው መምህር እሸቱ ዓይናቸውን እያሹ መጡ።

«ዓይኔን ጨለማ ነው የጋረደኝ» አሉ ዳኛው። «ኳሷ ገብታለች?»

«በጎን ወጥታለች በል» አሉ ግራዝማች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ጉሉማ ፊታቸውን ትኩር ብሎ አየ። ሰው በቃሬዛ ሲሄድ ስለ ኳስ መጠየቁ ከመብረቁ ይልቅ አደነዘዘው።

«ስትገባ አላየሁም» አለ በመጨረሻ። «ስነቃ ግን ከቋሚዎቹ መሐል በስተኋላዬ ነበረች። በጎን የወጣች ኳስ እዚያ ምን ያመጣታል?»

መምህር እሸቱ እጃቸውን ወደ መሐል ሜዳ ዘረጉ። ጎል! ዝናቡ ወረደ፤ ጨዋታውም በዚያው ሁለት ለአንድ አበቃ።

«የማን አገር ልጅ ነህ አንተ?» አሉ ግራዝማች። ጉሉማ ቃሬዛውን ተከትሎ ሮጠ።

ዋቅወያ ነፍሱ ተረፈች፤ የግራ ጆሮው ግን እንደ ደነቆረ ቀረ። ጊምቢ ያለሱ አዲስ አበባ ሄዶ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸነፈ። ነቀምቴ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ለጉሉማ ጨርቅ የሚያመጣለት ጠፋ፤ አልፎ አልፎ ቢመጣለትም መብረቁ ጣቶቹን ስላደነዘዛቸው መርፌው ላይ ክሩን የምታስገባለት ድርቤ ነበረች።

መስቀል ካለፈ በኋላ ዋቅወያ አንድ ማሰሮ ማር ይዞ መጣ። ቁጭ እንዳለ፣ «ስንደረደር ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ። መምታቴን አላውቅም። እውነት አግብቻለሁ?» ሲል ጠየቀ።

ጉሉማ ወደ ደህናው ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ «አግብተሃል» አለው።

ዋቅወያ አፉን በመዳፉ ይዞ ማልቀስ ጀመረ።