በር ላይ የተቀመሰ ዳቦ

የጽዋ ማኅበራችን ሰዎች እስረኛ መጠየቅ ይወዳሉ። ሲመለሱ ኃጢአታቸውን እዚያው አስረክበው የመጡ ይመስላሉ። እኔ የምሄደው ዳቦ የሚሸከም ሰው ስለሚያጥራቸው ነው።

ደብረ ማርቆስ ማረሚያ ቤት በር ላይ ምግብ ያመጣ ሰው ከያዘው ቆርሶ ፖሊሱ ፊት ይቀምሳል። መርዝ እንደሌለበት የሚታወቀው በዚህ ነው።

ባለፈው የሚካኤል ዕለት አንድ ሰውም ይዘን ሄድን። ከምንጠይቃቸው እስረኞች አንዱ የደምበጫ ገበሬ ነው፤ በመሬት ድንበር ተጣልቶ ጎረቤቱን ገድሏል። ፍርዱን ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶታል። የሟች ወንድም አብሮት እህል ካልቀመሰ ግን ደሙ አይደርቅም፤ አገሩ በገባ ማግስት ይገደላል። ማኅበርተኞቹ ወንድምየውን ለምነው አመጡት። የሟች ሚስት የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ተሸክሞ መጣ። ሴቶቹ ገና መንገድ ላይ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው።

ገብተን አብረውን የመጡት የማኅበሩ ቄስ መምሬ ዳቦውን ባረኩ። እስረኛው ቁራሹን ስሞ፣ እያለቀሰ በላ። ሌላ ቆረሰና በሁለት እጁ ዘረጋ።

«ወንድሜ፣ ስለ ሚካኤል ብለህ ቅመስልኝ።»

«ቀምሻለሁ።»

«የት?»

«በር ላይ።»

«እሱማ ለፖሊሱ ነው።»

«ላንተማ ይኸው አመጣሁልህ። ብላ፣ ወፈር በል። የቤትህን መንገድ አልረሳኸውም አይደል?»

ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ።

መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እህሉ ያው አንድ ነው። ቀምሶታል፤ ታርቃችኋል» አሉ። ሴቶቹ ያፈኑትን እልልታ ለቀቁት።

እስረኛው ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎ ብዙ ያነበቡ ነዎት ይላሉ። ይቆጠራል?»

በር ላይ ከወንድምየው ኋላ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

«ተፍቶታል» አልኩት። «ፖሊሱ ወደ እኔ ዳቦ ሲዞር፣ ቦይ ውስጥ።»

እልልታው ተቋረጠ። «ምን ዓይነት ጨካኝ ነህ አንተ! በሚካኤል ቀን?» አለች አንዷ። መምሬም ሊያሳልሙኝ ያወጡትን መስቀል ወደ ኪሳቸው መለሱ። ሁሉም የተቆጡት በእኔ ነው፤ በተፋው ሰው የተቆጣ አልነበረም።

እስረኛው ማንም ያልተቀበለውን ቁራሽ ወደ አፉ ከተተና ቀስ ብሎ አላመጠ።

«እንግዲያ ስወጣ ደምበጫን ትቼ በወዲያ በኩል ነው የምሄደው» አለ። «ወደ ሉማሜ።»

«ሉማሜ ዘመድ አለህ?»

«የለኝም። ለዚያ ነው።»