ያበርታችሁ ያልናቸው ጭላዶች

በሱዳን፣ በገዳሪፍ የሰሊጥ ማሳ ላይ ከተሰለፈው ሰው ሁሉ የሰሜንን ተራሮች እንደ እኔ የሚያውቅ አልነበረም። የትኛው ዋልያ የትኛው ገደል ላይ እንደሚያድር፣ ጉሙ መቼ ወጥቶ መቼ እንደሚገባ፣ ሁሉንም እንደ ጓሮዬ ነበር የምተርከው። የጎደለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሄጄ አላውቅም። የመተማ ቆላ ሰው ነኝ። በዕድሜዬ ያየሁት ትልቁ ከፍታ የምስጥ ኩይሳ ነው።

ጥፋቱ የሙቀቱ ነው። ሰሊጥ አጫጆች ጎን ለጎን ተሰልፈን፣ አጎንብሰን ነው ማሳውን የምንገፋው። ቀና ያለ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወደ ኋላ የቀረ መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ወሬኛ ያስፈልገዋል፤ እሱ ሲያወራ ሌላው ድካሙን ረስቶ ያጭዳል። የእኛ ወሬኛ እኔ ነበርሁ። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትቆም፣ የጀሪካኑ ውሃ ሻይ ለመሆን ቅጠል ብቻ ሲጎድለው፣ ከረድፉ ጫፍ አንዱ ይጮኻል።

"ኧረ በናትህ ብርድ አውራልን!"

"እዚያ እኮ" እላለሁ፣ "ማለዳ የሳቀ ሰው ጥርሱ በረዶ ይይዝና እስከ ቀትር አፉን መግጠም አይችልም። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ፈጽሞ አይስቅም፤ ሐዘንተኛ ፊት አፉን ከፍቶ ሊቀመጥ ነዋ!"

ሱዳናዊው ወኪል፣ የማሳው ኃላፊ፣ ከጥላው ሥር ሆኖ "ወላሂ?" ይለኛል። "ወላሂ!" እላለሁ፣ ክርስቲያኑ ሰውዬ።

ከሁሉም አጥብቀው የሚሰሙኝ ሁላችንም አያ የምንላቸው አዛውንት ነበሩ። በገዳሪፍ ማሳ ሲመላለሱ ጸጉራቸው የነጣ አጫጅ ናቸው። በዚያ ዓመት ግን ዓይናቸውን አንዳች ነገር ጋረደው። ካለፉበት ላይ ያልታጨደ ሰሊጥ እየቆመ ይቀር ጀመር። ግራና ቀኝ ያለን ሰዎች ቶሎ ብለን እየቆረጥን ሸፈንንላቸው፤ ወኪሉ ግን አየ። "ኸላስ፣ ያ ዐም፤ በቃ፣ አጎቴ" አላቸው ቀስ ብሎ፣ "ለከርሞ አትምጣ። ዓይንህን ታከም።"

የዚያን ቀን ምሳ ላይ አያ ክንዴን ያዙኝ።

"ያን ተራራህን አሳየኝ።"

"መጀመሪያ ዓይንዎን ቢታከሙ አይሻልም፣ አያ?"

"ጎንደር ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ቢያድነኝ ደግ። ባያድነኝስ? በዚህ ዓለም መጨረሻ ያየሁት የሰሊጥ አገዳ ሊሆን ነው?"

ምን ልበል? ዋሽቼ ነው ብል የቀረውን ማሳ በማን ወሬ ልናጭደው ነው? ደግሞ ተንኮልም መጣብኝ። ዓይናቸው ደክሟል፤ አንዱ ጉብታ ላይ አቁሜ "ይኸው ተራራው" ብላቸው ማን ያውቅብኛል?

አጨዳው ሲያልቅ በገላባት ድንበሩን ተሻግረን ጎንደር ደረስን፤ እኔ ጉብታ ስመርጥ አያ መንገዱን ሰው እየጠየቁ ስለቀደሙኝ፣ እስከ ደባርቅ ወጣን። የፓርኩ በር ላይ ጠመንጃ ያነገተ ጠባቂ ተመደበልን። ስስ ሸሚዛችንን አይቶ "ከየት ነው የመጣችሁ?" አለ።

"ከገዳሪፍ።"

"ልብሳችሁስ?"

"ይኼ ነው ልብሳችን" አልሁት፤ ጥርሴ እርስ በርሱ እየተጋጨ።

በማግስቱ ማለዳ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተጠቅጥቀን ወጣንና ሜዳ ላይ ወረድን። ሣሩ ነጭ ነው። ጎንበስ ብዬ ብነካው ጣቴን አቃጠለኝ፤ አመዳይ ነበር። ስንት ዘመን ስለ ብርድ የዋሸሁ ሰውዬ፣ እውነተኛውን በጣቴ ጫፍ ይዤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጅብራ የሚሏቸው ረጃጅም ተክሎች እዚህም እዚያም በጉሙ ውስጥ እንደ ሰው ቆመዋል። ከአስታው ዛፍ ላይ የሽማግሌ ጢም የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። እንደ ልማዴ ላጋንን ብዬ አፌን አላወስሁ፤ የሚጨመር ነገር አጣሁ። ያን ቦታ ፈጣሪ ራሱ ቀድሞኝ አጋንኖታል።

ጉሙ ገለጥ ሲል አያ ቀጥ አሉ።

"አጫጆች!"

አየሁ። ሜዳውን ሞልተው፣ በሰፊ ረድፍ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው፣ በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ ወደ ፊት ይንፏቀቃሉ። እየሠሩም እርስ በርሳቸው ያጉረመርማሉ። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው፣ ልክ እኛን ይመስላሉ።

በእኛ ዘንድ የሚያጭድ ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ያበርታችሁ ይባላል፤ ጎንበስ ተብሎም ጥቂት ይታጨድላቸዋል። አያ ባርኔጣቸውን አወለቁና "ያበርታችሁ!" ብለው ገቡ። ጠባቂው "አባት፣ እነዚያ እኮ..." ሲል እጁን ያዝሁት። አያ ከረድፉ ጎን ቁጢጥ ብለው ሣር ይነጩ ጀመር። የሸሸ የለም። አንዷ እንዲያውም ቦታ ለቀቀችላቸው።

"ሥራ ያውቃሉ" አሉ አያ፣ "ሰላምታ ግን አይመልሱም። ይኼ ጎፈሬው ደግሞ ለምንድን ነው የማይሠራው?"

"አያ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው።"

"እሱ?"

"ሁሉም።"

እጃቸው ላይ ያለውን ሣር አዩ። ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "ጎፈሬው አለቃቸው ነው በለኛ!"

ከሜዳው ማዶ ገደሉ ነበር። ጠባቂው አያን በክንዳቸው ይዞ እስከ ጠርዙ ወሰዳቸው፤ እኔም ከኋላቸው ደረስሁና አንዴ አየሁ። መሬት እዚያ ላይ አለቀች። ከሥራችን አንድ አሞራ ይበራል፤ የማየው ጀርባውን ነው። እስከዚያ ቀን አሞራ ሆዱን እንጂ ጀርባውን አሳይቶኝ አያውቅም። ከአሞራው በታች ሌሎች ተራሮች፣ ከእነሱም በታች ሌሎች፣ ሰማያዊ እየሆኑ እስከ ዓለም ዳርቻ።

"በል ንገረኝ!" አሉ አያ ዓይናቸውን እያጠበቡ። "ገዳሪፍ ላይ አፍህ አያርፍም ነበር!"

በእኔ ፈንታ ጠባቂው ነገራቸው። "ታች ወንዝ አለ፣ አባት፤ ከዚህ ክር ያህላል። በግራዎ ዋልያ ቆሟል፤ ቀንዱ ጀርባውን ሊነካ ምንም አልቀረው። የቆመበት ድንጋይ የእጄን መዳፍ አያክልም።"

"ዋልያው አይታየኝም" አሉ አያ። "ሰማያዊው ግን ይታየኛል። ሰማይ ከታችም አለ እንዴ?" ነፋሱ ሸሚዛቸውን ያርገበግበዋል። "በቃኝ። አሁን ሐኪሙ የፈለገውን ይበል።"

ከዚያ ዞር ብለው ፈለጉኝ። እኔ ከጠርዙ ርቄ፣ በሆዴ ተኝቼ፣ ሣሩን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስለ ወንዙና ስለ ዋልያው የጻፍሁላችሁ ጠባቂው ሲናገር የሰማሁትን ነው። አያ መጥተው እየዳበሱ አነሡኝ።

"ሱሪህ ምን ሆኖ ነው የራሰው?"

"አመዳዩ ነው፣ አያ።"

አመዳዩ አልነበረም። ፈርቼ ሸንቼ ነው።